የልብ ክሊኒኩ ጨው ቀማሽ

ሥራ የጀመርኩ ቀን ጃንጥላ ይዤ ነበር የሄድኩት። ወሩ ጥር ነው፤ ሰማዩ ላይ መሐረብ የምታክል ደመና አልነበረችም። ቢሆንም ቤቴ መካኒሳ፣ ክሊኒኩ ደግሞ ወደ ጀሞ ሲሄዱ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው፤ በመሀል ምን እንደሚመጣ ማን ያውቃል? ነርሷ ሲስተር ሀና በር ላይ ተቀበለችኝና ጃንጥላውን አይታ «እትዬ፣ ለሕክምና ነው?» አለችኝ።

«ለወጥ ቤት ነው» አልኳት።

ነጭ ጋዋንና የፀጉር መሸፈኛ ሰጥታ ወጥ ቤቱን አሳየችኝ። አረንጓዴው መክተፊያ ለአትክልት ብቻ፣ ቀዩ ለሥጋ ብቻ። ምድጃው ንጹሕ፣ ድስቱ የሚያበራ። ሽንኩርት ከትፌ ጣድኩና ጨው ፈለግሁ። መደርደሪያውን ሁሉ ከፈትኩ፤ የለም።

«ሲስተር፣ ጨው አልቋል መሰለኝ። ሮጥ ብዬ ከሱቅ ላምጣ?»

«እዚህ ቤት ጨው አይገባም።»

ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። ከዚያ ወዲህ የተማርኩት ድስት ሥር ነው። በጎፋና በመካኒሳ ሠርግ ሲኖር፣ ክርስትና ሲኖር፣ ወጡን የምሠራው እኔ ነበርኩ። «የወርቅነሽ እጅ ይጣፍጣል» ይሉኝ ነበር። እጄ የሚጣፍጠው በጨው እንደሆነ ያወቅሁት ጨው የተከለከልኩ ዕለት ነው። ያን ቀን የሠራሁትን ምስር የቀመሱ አንድ ታማሚ ማንኪያቸውን አስቀምጠው «ልጄ፣ ይሄ ወጥ ተኝቷል ወይስ አርፏል?» አሉኝ። ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ሐኪማችን ዶክተር ሜሮን ከሴት ልጄ ብዙም የማትበልጥ ልጅ ናት። «ስታለቅሺ ነበር አሉኝ» ብላ መጣች። በርጩማ ስባ ተቀመጠችና አስረዳችኝ። ልብ ደም የሚገፋ ፓምፕ ነው። ሲደክም መግፋት ያቅተዋል፤ ውሃው ወደ ኋላ ተመልሶ ይጠራቀማል፤ እግር ያብጣል፣ ሳንባ ይረጥባል፣ ሰው ጋደም ሲል ትንፋሹ ያጥረዋል። ጨው ደግሞ ውሃውን ከሰውነት እንዳይወጣ ይይዘዋል።

ወዲያው ገባኝ። ጨው ማለት እንግዳው ልሂድ ብሎ ሲነሳ በር ላይ ቆሞ «በሞቴ አትሄድም!» የሚል ባለቤት ነው።

ቀስ በቀስ ሥራውን ለመድኩት። አሁን ለምትቀጠሩ ልጆች ልንገራችሁ፦ ሽንኩርቱን በትንሽ ዘይት በትዕግሥት አብስሉ፣ አታሳርሩ። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል አትሰስቱ። ሎሚው ከምድጃ ከወረደ በኋላ ይጨመቅ። በሶብላና ጥቁር አዝሙድ ብዙ ጨው ያስረሳሉ። በርበሬውን ግን ሳይፈጭ ያዙት። እኛ አገር በርበሬ ወፍጮ ቤት ሲሄድ ጨው አብሮት ይሄዳል። የአንድ ታማሚ ባለቤት «ቅንጣት ጨው አላደረግሁም፣ እግዚአብሔርን!» ብላ ማለችብኝ። እውነቷን ነው፤ እሷ አላደረገችም፤ ጨው በርበሬው ውስጥ ተቀምጦ ነበር የመጣው።

ከሥራው ጋር ጭንቀትም ተማርኩ። ድሮም እጥረት አልነበረብኝም። ዶክተሯ የታማሚን ቅልጥም በአውራ ጣቷ ጫን ታደርግና ጣቷን ስታነሳ ጉድጓድ ከቀረ እግሩ ውሃ ይዟል ማለት ነው። እሱን ካየሁ በኋላ እጄ ሥራ አልፈታም። የልጆቼን ቅልጥም በየማታው እጫናለሁ። የጎረቤቴን ተጫንኩ። አንድ እሑድ ከጸሎት በኋላ የቸርቻችንን መጋቢ ቅልጥም ስጫን ሰው አየኝ። ልጄ ቤዛ «እማዬ፣ ሰው እኮ አቮካዶ አይደለም!» ብላ ተቆጣችኝ።

ወደ በሩ የተዛወርኩት በጠያቂ ምክንያት ነው። እኛ አገር ባዶ እጁን የታመመ የሚጠይቅ የለም። እኔ ከላይ ያለ ጨው አበስላለሁ፣ ጠያቂ ከታች ቅቅሉን፣ ክትፎውን፣ አልጫውን በምሳ ዕቃ ጭኖ ይገባል። ታማሚው እምቢ ሲል «አፈር ስሆን! በሞቴ!» ይባላል፤ ጉርሻው ይገባል። በበነጋው ትንፋሽ ያጥራል።

ዶክተር ሜሮን ሰብስባ መከረችን። ሰውን ምግብ አታምጣ ማለት አይቻልም፤ ይቀየማል። «አንድ ሰው በር ላይ ይቅመስ፤ ጨው የሌለው ይግባ፣ ያለው ይመለስ» አለች። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

እንዲህ ሆኜ ቀማሽ ሆንኩ። ከበሩ አጠገብ ጠረጴዛ፣ አንድ ብርጭቆ ማንኪያ፣ መጉመጥመጫ ውሃ ተሰጠኝ። መጀመሪያ ሰው ተቀየመ። «መርዝ ነው እንዴ የያዝነው?» ያሉም ነበሩ። ነገር ግን ሴቶቹ ፊቴን ማንበብ ጀመሩ። ማንኪያው አፌ ሲገባ ዐይኔን ያያሉ። «እንዴት ነው?» ይላሉ። «ይጣፍጣል» ካልኩ አንዷ ሌላዋን ዞር ብላ ታያታለች፤ የእጅ ውድድር ሆነ። ትንሽ ቆይቶ ለታማሚው ጨው አልባ፣ ለእኔ ደግሞ ለብቻው ባለ ጨው ይመጣ ጀመር። «ይቺ ያንቺ ናት፣ ፍርድሽን በደንብ እንድትሰጪ።» እምቢ ልል አፌን ስከፍት ጉርሻው ይገባል።

ቤዛ «እማዬ፣ ሥራሽ ምንድነው?» ስትለኝ «የልብ ታማሚ እጠብቃለሁ» አልኳት።

«ጋዋንሽ እየጠበበሽ ነው እኮ።»

«በኦሞ ታጥቦ ነው» አልኳት።

ጋሽ ደምሴ የገቡት በዚህ መሀል ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በጀሞ ሜክሲኮ መስመር ታክሲ የነዱ ሰው ናቸው። እግራቸው ከማበጡ የተነሳ ጫማ አልገባ ብሎ በቤት ነጠላ ጫማ መጡ። ቅልጥማቸውን ተጫንኩት፤ ጣቴ ገብቶ ቀረ። የልባቸው አንድ በር በደንብ አይዘጋም ነበር። በትልቁ ሆስፒታል የቀዶ ጥገና ተራ ደርሷቸዋል፤ ግን ዶክተር ሜሮን ቁርጡን ነገረቻቸው። «ጋሽ ደምሴ፣ ይሄን ሁሉ ውሃ ይዘው አይቀበሉዎትም። ካልቀነሰ ተራው ለሌላ ሰው ይሰጣል። ሌላ ተራ መጠበቅ ደግሞ ለእርስዎ ልብ ረጅም ነው።»

«ገባኝ፤ ትርፍ አልጭንም» አሉ።

የሽንት ክኒን ተጀመረ። በየጠዋቱ ሚዛን ላይ ይወጣሉ። ባለቤታቸው እትዬ አስካለች በየቀኑ ምሳ ይዘው ይመጣሉ፤ እቀምሳለሁ፤ ምንም ጨው የለውም። መጀመሪያ ኪሎው ወረደ። ሁላችን ደስ አለን። ዶክተሯም «ትንሽ ትንሽ በእግር ይንቀሳቀሱ፤ ከግቢው ወጣ ብለው ይመለሱ። ሲደክምዎት ቁጭ ይበሉ» አለቻቸው።

ጋሽ ደምሴን የመሰለ ታዛዥ አላየሁም። ማለዳ የክሊኒኩን ሰማያዊ ነጠላ ጫማ አድርገው፣ ፒጃማቸው ላይ ጋቢ ደርበው ይወጣሉ። ፊታቸው ፈክቶ ይመለሳሉ። ለሌሎቹ ታማሚዎች «እሳቸውን እዩ! እንዲህ ነው እንጂ!» እያልኩ እንደ ምሳሌ እጠቅሳቸው ነበር።

ኪሎው ግን ተመልሶ መውጣት ጀመረ።

ክኒን ተጨመረ፤ ኪሎው ጨመረ። ሲስተር ሀና ሚዛኑን ጠረጠረችና እኔን አወጣችበት። ሚዛኑ ደህና ነበር፤ እኔ ነበርኩ ደህና ያልሆንኩት። ከዚያ ሁሉም እኔን ያየኝ ጀመር። በር ላይ ያለሁት እኔ ነኝ፤ ጨው የገባው በማን በኩል ነው? ምላሴ ደነዘዘ ብዬ ፈራሁ። ቤት ስገባ ለሙከራ ጨው በጣቴ ላስኩ። ጨው ጨው አለ። ምላሴ ደህና ነው። ታዲያ ከየት?

በዚያ ሳምንት ሲስተር ሀና እንደ ቀልድ ክንዴን በግፊት መለኪያው ጠመጠመችው። አንዴ ነፋች። እንደገና ነፋች። ቀልዱ ከፊቷ ላይ ጠፋ።

«መሣሪያው ተበላሽቷል» አልኳት።

የራሷን ለካች። መሣሪያው ደህና ነበር።

ዶክተር ሜሮን ፊት ቀረብኩ። «እትዬ ወርቄ፣ ስንት ጊዜ ነው በቀን የምትቀምሽው?»

«እንደ ጠያቂው ነው» አልኳት።

«ትውጫለሽ?»

«የሰው ምግብ ይተፋል እንዴ? ነውር አይደለም?»

«ከዛሬ ጀምሮ ከበሩ ጀርባ ዞር ብለሽ ትተፊያለሽ። መድኃኒት እጽፍልሻለሁ። በየጠዋቱ ደግሞ በእግርሽ ትሄጃለሽ።»

«እንዴ ዶክተር፣ እኔ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምውለው።»

«መቆም መሄድ አይደለም» አለች፤ አለቀ።

በማግስቱ ታክሲውን ትቼ ከመካኒሳ በእግሬ ተነሳሁ። ጃንጥላዬን ይዣለሁ። ዋናውን መንገድ ስለምፈራ በውስጥ ለውስጥ መጣሁ። ከክሊኒኩ ጀርባ ባለው ኮብልስቶን ስደርስ የሚጥሚጣ ሽታ አፍንጫዬን ያዘኝ። ትንሽ ቁርስ ቤት ናት፤ የላስቲክ ጠረጴዛዎች በረንዳ ላይ ወጥተዋል። ልለፍ ስል ከአንዱ ጠረጴዛ ሥር ሰማያዊ ነጠላ ጫማ አየሁ። የእኛው ነው። ዐይኔን ከፍ ሳደርግ ፒጃማ፤ ከፍ ሳደርግ ጋቢ፤ ከጋቢው በላይ ዱለት የጎረሰ አፍ።

«ጋሼ!»

ጋቢውን ወደ ራሳቸው ሳቡት። ተሸፍነው የማላያቸው መስሏቸው ነው። ሳህኑ ግን አልተሸፈነም።

«ጋሽ ደምሴ፣ እኔ ነኝ፤ ወርቅነሽ።»

ከጋቢው ውስጥ «ሞልቷል፣ ቀጣዩን ጠብቂ» የሚል ድምፅ መጣ።

ጋቢውን ገለጥኩት። እንደ ተያዘ ልጅ አዩኝ። «ዶክተሯ ራሷ ናት ሲደክምህ ቁጭ በል ያለችኝ። ደከመኝ፤ ቁጭ አልኩ። ወንበር ያለው እዚህ ነው።»

«ሳህኑስ?»

«ሳህኑ ሳልመጣም ተቀምጦ ነበር።»

አስተናጋጇ ልታግዛቸው መጣች። «እማማ፣ አይቆጧቸው። እሳቸው በጣም ጠንቃቃ ናቸው። በየጠዋቱ ያለ ቅቤ ነው የሚያዙት።»

«አየሽ? ያለ ቅቤ!» አሉ ጋሼ ደረታቸውን ነፋ አድርገው።

«ጨውስ?»

«ጨው እኔ አልጨመርኩም። ሚጥሚጣው ውስጥ ካለ የሚጥሚጣው ጉዳይ ነው።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ከዚያ ቁጣው መጣልኝ። «ጋሼ፣ ዶክተሯ የነገረችዎት አልገባዎትም? ተራው ያልፋል እኮ! እንዲህ አብጠው አይቀበሉዎትም!»

ጋሽ ደምሴ እንጀራውን ጠቀለሉና መልሰው አስቀመጡት። «ገብቶኛል» አሉ ቀስ ብለው። «ገብቶኝ ነው።»

ሳህኑን ወደ እኔ ሳብኩት።

«ወርቄ፣ ዕድሜዬን የጨረስኩት ከመኪና ጋር ነው። ሞተሩ አንዴ ከወረደ መኪና የድሮው አይሆንም። ጋራዥ ሲገባ ድምፁ ደህና የነበረ፣ ሲወጣ ሌላ ነው። የእኔን ደረት ከፍተው ሞተር ሊያወርዱ ነው። ሳብጥ ተራው ለሰው ይሄዳል። ቢሄድስ? እንዲህ እያንኳኳችም ቢሆን እነዳታለሁ አልኩ።»

ዱለቱ ሰበብ ነበር። ሰውየው ፈርተው ነው። እኔ በጥር ጃንጥላ የምይዝ ሴት ነኝ፤ ፍርሃት ካየሁ አላጣውም።

«ጋሼ፣ እኔ መንገድ መሻገር እፈራለሁ» አልኳቸው። «መብራት እፈራለሁ፣ ሊፍት እፈራለሁ፣ ስልክ ሲጠራ እፈራለሁ። ግን በየቀኑ እየፈራሁ እሻገራለሁ። ልጆቼ ማዶ ናቸው፣ ምን ላድርግ? ይፍሩ፤ ፈርተው ይሻገሩ።»

ጋቢያቸውን አስተካከሉና «ታዲያ ለዶክተሯ ማን ይንገራት?» አሉ።

«እርስዎ።»

«አንቺ ከጎኔ ትቆሚያለሽ?»

«ጃንጥላም ይዣለሁ» አልኳቸው።

ዶክተር ሜሮን ሰምታ መጀመሪያ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ስትስቅ ይሁን ስታዝን አላወቅንም። ከዚያ ወረቀት ላይ ልብ ሳለችላቸው። «ጋሽ ደምሴ፣ ልብዎን ከቦታው አያወርዱትም። የማይዘጋውን በር ነው የሚቀይሩት።»

«ቫልቭ ነው እንዴ?» አሉ ጋሼ ወረቀቱን ወደ ራሳቸው እየሳቡ።

«አዎ፣ ቫልቭ ነው።»

«ሞተር አይወርድም?»

«አይወርድም። አደጋ የለውም ብዬ አልዋሽዎትም፤ አለው። እንዲህ መቆየት ግን የባሰ አደጋ ነው።»

«ቫልቭ መሆኑን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ይሄን ሁሉ ዱለት ምን አስበላኝ!» አሉ።

የከበደው ለእትዬ አስካለች መንገር ነበር። ባለቤታቸው ከጨው ጋር በየማለዳው ሲገናኙ መክረማቸውን ሰምተው ምሳ ዕቃውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘጭ አደረጉት። «እኔ አልጫ ያለ ጨው ስሠራ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ አንተ የሰው ዱለት? የእኔ ዱለት እያለ የሰው?» ለጨው አልተቆጡም። ያስለቀሳቸው የቁርስ ቤቱ ዱለት ነበር። ጋሼ «ያንቺን አያክልም» እያሉ እስኪመሽ ለመኑ።

ከዚያ በኋላ የጋሼ የእግር ጉዞ የእኔም የእግር ጉዞ ሆነ። ዶክተሯ ሁለታችንንም አንድ ላይ አዘዘችን። ችግሩ መንገድ ነው። በእኛ ሰፈር ሥጋ ቤትና ቁርስ ቤት የሌለበት ቅያስ መፈለግ ሥራ ነው። በአንዱ ስንሄድ ጋሼ ይቆሙና «እዚህ ጎድን አሳምረው ይጠብሳሉ» ይላሉ። አዙሬ በሌላው ስወስዳቸው «የዚህ ቤት ቅቅል ደግሞ...» ይላሉ። ሰው ከተማውን በሐውልት ያውቃል፤ ጋሼ በድስት ነው የሚያውቁት። በመጨረሻ በትምህርት ቤቱ አጥር አድርጎ ጎማ ቤቱን ዞሮ በወፍጮ ቤቱ የሚመለስ መንገድ አገኘን። ወፍጮ ቤቱ በርበሬ ሲፈጭ ጋሼ ይቆማሉ።

«ይሄስ ይከለከላል?»

«ማሽተት አይከለከልም።»

በደንብ ያሸታሉ። ሁለታችንም እናነጥሳለን። እንሄዳለን።

ኪሎው ወረደ። የሽንት ክኒኑ ሥራውን መሥራት ጀመረ፤ ጋሼ «ወራጅ አለ!» እያሉ ወደ መጸዳጃ ቤት ሲሮጡ ኮሪደሩ ሁሉ ይስቅ ነበር። በየጠዋቱ ቅልጥማቸውን እጫናለሁ። ጉድጓዱ እያነሰ፣ እያነሰ ሄደ። አንድ ቀን ተጭኜ ጣቴን ሳነሳ ቅልጥሙ ልሙጥ ሆነ። ደግሜ ተጫንኩ። ምንም የለም። ያን ቀን ጋሼ ከቤታቸው ጫማ አስመጥተው አደረጉ፤ ማሰሪያውን ያሰርኩት እኔ ነኝ።

ተራቸው ሳያልፍ ተቀበሏቸው። የቀዶ ጥገናው ዕለት በር ላይ ማን ምን ይዞ እንደገባ አላውቅም፤ የሚመጣውን ሁሉ ስቀምስ ጨው ጨው የሚለኝ እንባዬ ነበር። እትዬ አስካለች ስልክ ሲደውሉ ለማንሳት ፈርቼ ለሲስተር ሀና ሰጠኋት። ሲስተር ሀና ሰማች፤ ሰማች፤ ከዚያ «በሰላም ወጡ!» ብላ ጮኸች። በጠያቂ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር፤ አንዲት የማላውቃት ሴት ውሃ ሰጠችኝ።

ጋሽ ደምሴ ካገገሙ በኋላ በእግራቸው መጡ፤ እትዬ አስካለች ከኋላ፣ እሳቸው ከፊት። በእጃቸው ምሳ ዕቃ ይዘዋል። ተሰለፉ፤ ከፊታቸው ሁለት ጠያቂ ነበር፤ ተራቸውን ጠብቀው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት።

«ሽሮ ነው። ራሴ ነኝ የሠራሁት» አሉ።

ማንኪያ አነሳሁ። ቀመስኩ። ከበሩ ጀርባ ዞር ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም፤ ዋጥኩት።

«እንዴት ነው?»

«ጨው የለውም» አልኳቸው። «ሌላም ነገር የለውም።»

እትዬ አስካለች «ነግሬው ነበር!» አሉ።

ሲስተር ሀና ያን ቀን ክንዴን ለካችኝ። መድኃኒቱንና የእግር ጉዞውን ሳላቋርጥ ስለቆየሁ ግፊቴ ወርዶ ነበር። እስካሁን ክኒኔን እውጣለሁ፣ የሰው ምግብ እተፋለሁ፣ ጃንጥላዬን ይዤ በእግሬ እመጣለሁ። ጋሼ ብዙ ጠዋት ወፍጮ ቤቱ ጋ ይጠብቁኛል።

አዲስ ለምትቀጠሩ የምነግራችሁ አንድ ነገር ነው። ጨውን በር ላይ መያዝ ይቻላል። የልብ ታማሚን ግን ብቻውን ለእግር ጉዞ አትላኩት።